ባትሪውን የተሸከሙት ሰዎች

«ቤቱ ስንት ክፍል ነው?» አለኝ ሻጩ።

ለእናቴ ቤት የሶላር ባትሪ ልገዛ ገብቼ፣ ምን ያህል የሚይዝ እንደሚያስፈልገኝ ጠይቄው ነው። ቤቱ ሁለት ክፍል መሆኑን፣ ማድ ቤቱ ለብቻው እንደሆነ ነገርኩት። ጣቱን ወደ መደርደሪያው ቀሰረና፣ «ለሁለት ክፍል መቶ አምፔር ይበቃዎታል፣ እትዬ። ለሦስት ክፍል መቶ ሃምሳ ነው፤ ለአራት ክፍል ሁለት መቶ» አለ። የግድግዳ ቀለም የሚሸጥልኝ ነበር የሚመስለው።

ቱግ አልኩ። ቦንጋ ውስጥ ፊዚክስ ሳስተምር ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ተማሪ ተሳስቶ ሲመልስ እታገሣለሁ፤ ተማሪ ነውና። ሱቅ ከፍቶ፣ በሩ ላይ «የሶላር ባለሙያ» የሚል ጽሑፍ ለጥፎ፣ ክፍል የሚቆጥር ሰው ግን አልችልም።

«ወንድሜ፣ ግድግዳ ኤሌክትሪክ ይበላል እንዴ?» አልኩት።

«እንዴት?»

«ክፍሉ አሥር ቢሆን ምን አገባህ? ምን ዕቃ ነው የሚሰካው፣ በቀን ስንት ሰዓት ነው የሚሠራው፣ ፀሐይ ሳትወጣ ስንት ቀን ትቆያለች ብለህ ነው መጠየቅ ያለብህ።»

ሳቀ። ሳቁ ክፋት አልነበረበትም፤ እኔን ግን ይበልጥ አበገነኝ። «ፀሐይማ ምን ችግር አለ፣ እትዬ? አገራችን የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አይደል የሚባለው?»

ይህን ሲለኝ ከሱቁ ቆርቆሮ ጠርዝ ሥር ሰባት ስምንት ሰው ዝናብ ተጠልሎ ቆሟል። አንዲት ሴትዮ ሁለት ዶሮ በፌስታል ሸፍናለች። ወሩ መጋቢት ነው፤ ሌላው አገር ገና በጋ ነው ይላል። የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ የሚለውን ነገር ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ሐምሌን ቦንጋ ከርሞ እንደማያውቅ ግን እርግጠኛ ነኝ። እኛ ዘንድ ጉሙ ጠዋት ከጫካው ይወጣል፣ እኩለ ቀን ላይ ዝናብ ይሆናል፣ ማታ ደግሞ መልሶ ጉም ይሆናል። ልብስ ታጥቦ በአራተኛው ቀን ካልደረቀ የሚገርመው ሰው የለም። ይህ ሰው እዚሁ እየኖረ፣ በዚያው ዝናብ ጫማው ረጥቦ፣ የሌላ አገር ፀሐይ ይሸጥልኛል።

ምንም ሳልገዛ ወጣሁ።

ነገሩን እንዲህ ያከረርኩት የአምፖል ጉዳይ ስላልነበረ ነው። እናቴ አስም አለባት። የምትኖረው ማንኪራ፣ ከመኪናው መንገድ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ወደ ውስጥ ተገብቶ ነው። የመብራት ምሰሶ መንገዱ ዳር ከቆመ ቆይቷል፤ ሽቦው ግን እስከ እሷ አልገባም። በፊት ደረቷ ሲዘጋ የምትስበው ፓፍ ነበራት። እያረጀች ስትሄድ ግን እጇ ሲጫን ትንፋሿ አይገጥም፣ ትንፋሿ ሲገባ እጇ አይጫን፤ መድኃኒቱ አፏ ላይ ይቀራል። ሐኪሙ ሌላ ነገር አዘዘላት፦ ፈሳሹን መድኃኒት ወደ ጉም ለውጦ በጭምብል በኩል የሚያስገባ ማሽን። እሷ ዝም ብላ ትተነፍሳለች፣ ማሽኑ ይሠራል። ኤሌክትሪክ ከሌለው ግን ማሽኑ ባዶ ሳጥን ነው። ቦንጋ መጥታ እኔ ጋ እንድትኖር ለምኜያለሁ፣ ተቆጥቻለሁ፣ አልቅሻለሁም። ቡናዋንና ጓሮዋን ትታ እንደማትመጣ ቁርጥ አድርጋ ነገረችኝ። እንግዲህ ኤሌክትሪኩ ወደ እሷ መሄድ ነበረበት።

በማግሥቱ መምህራን ማረፊያ ውስጥ የተረፈ የፈተና ወረቀት ገልብጬ ሒሳቤን ሠራሁ። ለሥራ ባልደረቦቼም፣ ሳይጠይቁኝ፣ አስረዳሁ። ባትሪ ማለት ሮቶ ነው አልኳቸው። ሶላሩ ቧንቧው ነው። ውኃ በየሰዓቱ የሚመጣለት ሰው ትንሽ ሮቶ ይበቃዋል፤ ውኃ በሳምንት አንዴ የሚመጣለት ሰው ግን ትልቅ ሮቶ ያስፈልገዋል፤ ቤቱ ስንት ክፍል እንደሆነ የሚጠይቀው ቧንቧ ሠራተኛ የለም። የእናቴ ማሽን መቶ ሃያ ዋት ይወስዳል። ክፉ ቀን ላይ አራት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ሩብ ሰዓት ቢሠራ፣ በቀን መቶ ሃያ ዋት ሰዓት ነው። ሦስት አምፖል፣ ሬዲዮ፣ የእሷ ስልክ፣ በሽቦው መንገድ ላይ የሚባክነው ተደምሮ ሁለት መቶ ሃምሳ ገባ። አራት ቀን ያለ ፀሐይ ስል አንድ ሺህ። እንዲህ ዓይነት ባትሪ ደግሞ ከግማሹ በታች ከወረደ ይጎዳል፤ ስለዚህ እጥፍ፣ ሁለት ሺህ። ለአሥራ ሁለት ቮልት ሲካፈል መቶ ስድሳ ሰባት አምፔር ሰዓት መጣልኝ። ወደ ላይ ሳጠጋው ሁለት መቶ።

ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ያቺ ወረቀት እስካሁን አለችኝ፤ ሳያት እጄን መቁረጥ ያምረኛል።

ተመልሼ ሱቁ ገባሁና ሁለት መቶውን ስጠኝ አልኩት። «ለሁለት ክፍል?» ብሎ ዓይኑን አፈጠጠ። ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ዘርግቼ ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት። ዋጋውን ነግሮኝ ደረሰኝ ጻፈ። ያሸነፍኩት መሰለኝ።

ባትሪው ስልሳ ኪሎ ግድም ይመዝናል። ፒካፑ መንገዱ እስካለቀበት ድረስ ወሰደልንና አወረደን። ከዚያ በኋላ ያለው የእግር መንገድ ነው፤ ጭቃ፣ የዛፍ ሥር፣ ሁለት ወንዝ። እናቴ አስቀድማ ነግራ ስለነበር ስምንት ሰዎች ቆመው ጠበቁን። ማንም ዋጋ አልጠራም። ባትሪውን በገመድ አጣና ላይ አስረው ሁለት ሁለት እየሆኑ በየተራ ተሸከሙት። ሌሎቹ የሶላሩን ሰሌዳ፣ ሽቦውንና የባትሪውን ኃይል ዕቃ ወደሚሰካበት የሚለውጠውን ኢንቨርተር ያዙ። ሁለተኛው ወንዝ አቀበት ላይ አንዱ አዳለጠው፤ ባትሪው እንዳይመታ ብሎ ጉልበቱን ድንጋይ ላይ ጣለ። ሱሪው ተቀደደ፣ ደሙ ወረደ፣ እሱ ግን መጀመሪያ የጠየቀው «ዕቃው ደህና ነው?» ብሎ ነው። ይህን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ። አላየሁም ማለት አልችልም።

ሰሌዳውን የሰቀሉት እነሱ ናቸው፤ በደቦ። እናቴ ቆጮ በጎመን አቀረበች፣ ብርዝ ቀዳች። አምፖሉ በጠራራ ቀን በርቶ ሲያዩት አጨበጨቡ። እኔ ተነሥቼ መመሪያ ሰጠሁ። ይህ ኤሌክትሪክ ለማሽኑ ነው፤ ሌላ ነገር አይሰካበትም፤ ኢንቨርተሩ ሲጮህ ሁሉም ነገር ይነቀላል። ያልኩትን በአገራችን ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ደግሜ አስረዳሁ፤ በአማርኛም በትልቁ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። እናቴ ማንበብ አትችልም። ወረቀቱን ለማን እንደለጠፍኩት እስከ ዛሬ አላውቅም።

በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ሄድኩ። ሳሎኑ ውስጥ ባለ ስድስት ቀዳዳ ማራዘሚያ ተዘርግቷል፤ አግዳሚው ወንበር ላይ አሥራ አንድ ስልክ ተደርድሯል። አንዳንዱ ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ አንዳንዱ በላስቲክ የታሰረ ነው። ደሜ ፈላ።

«ይህ የማን ነው?» አልኳት።

«የሰው ነው» አለች እናቴ። ከእናቴ ጋር የምናወራው በካፊኖኖ ነው፤ አማርኛ ያደረግሁት አሁን ስጽፈው ነው።

«የየትኛው ሰው?»

«ባትሪውን የተሸከመው ሰው።»

የቀልድ መልስ መሰለኝ። አንድ በአንድ ነቀልኳቸው። እናቴ አላስቆመችኝም፤ ቁጭ ብላ ስነቅል ታየኛለች። ስጨርስ፣ «ልጄ፣ ከዚህ በፊት ስልክ ለማስሞላት መንገድ ድረስ ሄደው ይከፍሉ ነበር እኮ» አለች። «እነሱ ሄደው ቢያስሞሉ ምን ይሆናሉ?» አልኳት። «ምንም አይሆኑም» አለችና ቡናዋን ልታይ ወጣች።

በሚቀጥለው ስሄድ ባሰ። ከቤቱ ጣሪያ ጥላ ሥር ወንበር ተቀምጧል፣ አንድ ሰው ፎጣ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ፀጉሩን ይቆረጣል። የፀጉር መቁረጫው ገመድ በመስኮት ገብቶ የእናቴ ኢንቨርተር ላይ ተሰክቷል። ከኋላ አራት ሰው ተራ ይጠብቃል፤ በማግሥቱ እሑድ ነው፣ ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ሊሄድ ነው። ወደ ውስጥ ስገባ ኢንቨርተሩ በእናቴ አሮጌ ሻሽ ተጠቅልሏል። ፈታሁት። ጩኸቱ ጆሮዬን በጠሰው።

«ለምንድን ነው የሸፈንሽው?»

«እንግዳ ሲመጣ ይጮሃል» አለች።

እንግዳ ሲመጣ ይጮሃል! ባትሪው አለቀ ብሎ የሚጮኸውን ነገር፣ እንግዳ እንዳያፍር ብላ ሻሽ አልብሳዋለች። በዚያው ፍጥነት ወደ ውጭ ወጣሁ። ፊት ለፊቴ ያገኘሁት ከእናቴ ቤት ዝቅ ብለው ያሉትን ጎረቤታችንን ነው። ስልካቸውን ሊወስዱ መጥተው ነበር። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ከእናቴ ጋር አብረው ቡና የለቀሙ፣ አብረው ያረሙ፣ እኔን አዝለው ያሳደጉኝ ሴት ናቸው። «እትዬ» እላቸዋለሁ፤ በዚያ ቀንም እትዬ ነው ያልኳቸው። የቀረውን ግን ልጽፈው ራሱ ይቀፈኛል።

«እትዬ፣ እናቴን ለስልክ ብላችሁ ልትገድሏት ነው? አታፍሩም?»

ፀጉር የሚቆረጠው ሰው ግማሽ ጭንቅላቱ እንደተላጨ ብድግ አለ። እትዬ ስልካቸውን ከእናቴ እጅ ተቀበሉ፣ ነጠላቸውን አጣፉና ወደ ታች ወረዱ። እናቴ እስክሄድ ድረስ አላናገረችኝም። ቦንጋ እስክገባ በንዴት ስጨስ ነበር፤ ያስቸገርኩት ሰው ያለ አልመሰለኝም፣ የተበደልኩት እኔ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ ስልክ አላየሁም። ደስ አለኝ፤ ሰው ሲቆጡት ይሰማል ብዬ ለሥራ ባልደረቦቼ አወራሁ። አንድ ቀን ግን ቁጭ ብለን ስናወራ የድንች ቅርጫቱ ጮኸ። ሌላ ስልክ ተቀበለው። ክዳኑን ሳነሳ ከድንቹ በላይ ዘጠኝ ስልክ፣ ሁሉም ተሰክቶ፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተኝቷል። እናቴ ፊቷን አዞረች። በሰባ ዓመቷ ከልጇ ስልክ የምትደብቅ ሆናለች፤ እዚያ ያደረስኳት እኔ ነኝ። በዚያን ጊዜ ግን እንዲህ አላሰብኩም። በዚያን ጊዜ የሚያሳስበኝ ዘጠኝ ስልክ በቀን ስንት ዋት ሰዓት እንደሚወስድ ነበር፤ እሱንም እዚያው ቆሜ በቃሌ ነገርኳት።

ሰኔ ገባ። የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ነው። አምስት ቀን ሙሉ ጉሙ ከቦንጋ አልተነሳም፤ ማንኪራም እንደዚያው እንደሆነ አውቃለሁ። ሌሊቱን በሒሳቤ እየተጽናናሁ አደርኩ፦ አራት ቀን ብዬ ነው የሠራሁት፣ ወደ ላይም አጠጋግቻለሁ፣ አምስተኛውም ቀን አይጠፋም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ግድም ፈተና ክፍል ውስጥ ቆሜ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረኝ። ፈታኝ ስልክ ይዞ አይገባም፤ እኔ ራሴ ነኝ ደንቡን ለተማሪዎቹ ያነበብኩላቸው። ቁጥሩ የእትዬ ነበር። ከሰደብኳቸው ወዲህ ደውለውልኝ አያውቁም።

«ልጄ፣ ማሽኑ ቆሟል» አሉ። እያለከለኩ ነው። «እናትሽን ተሸክመናት እየመጣን ነው። መኪና ፈልጊ።»

የፈተናውን ወረቀት ለጓደኛዬ ሰጥቼ ሮጥኩ። ባጃጁ ያን ጭቃ ስለማይወጣው ፒካፕ ለምኜ መንገዱ እስካለቀበት ድረስ ሄድኩ። ስደርስ ከጫካው እየወጡ ነበር። ያው ሰዎች ናቸው። ባትሪውን የተሸከሙት ስምንቱም፣ ሌሎችም ተጨምረው። እናቴን ቃሬዛ ላይ በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ በላይዋ ላስቲክ ዘርግተው፣ በየተራ ይፈራረቃሉ። እትዬ ከጎኗ እየሮጡ እጇን ይዘዋል። አንድ ጫማቸው የለም፤ ወንዙ ውስጥ ቀርቷል። የእናቴ ከንፈር ጠቁሯል፣ ደረቷ ይፏጫል፣ ዓይኗ እኔን ሲያየኝ ግን አወቀኝ።

ሆስፒታል ደርሰን ኦክስጅን ሲገባላትና መድኃኒቱ ሲሰጣት ከንፈሯ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ብለው ሐኪሙ ጀመሩና ፊቴን አይተው ተዉት።

በዚያ ሰዓት ማመስገን የነበረብኝ ሰዎች ኮሪደሩ ላይ ተደርድረው ቆመዋል። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። እኔም ወጣሁና፣ ማመን ያቅተኛል፣ ጮህኩባቸው። «ጨረሳችሁባት! በስልካችሁ ጨረሳችሁባት! ለአራት ቀን ያስቀመጥኩላትን በሁለት ቀን ጠጣችሁት!» አልኩ። ነርሷ ብቅ ብላ ድምፄን እንድቀንስ ነገረችኝ። ያ ሱሪው የተቀደደው፣ ባትሪው እንዳይመታ ጉልበቱን የሰጠው ሰው፣ መሬት መሬቱን ያያል። እትዬ ብቻ ጠጋ አሉኝ። ስልካቸውን ከብብታቸው አወጡና እጄ ላይ አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ይሄ ባይሞላ ኖሮ በምን እደውልልሽ ነበር?» አሉኝ።

ነገር ሊወጉኝ አልነበረም። በእውነት ነው የጠየቁኝ። ስልኩን አየሁት፤ እስከ ጫፉ ሞልቷል። ማታውን ሙሉ ከእናቴ ማሽን ጎን ተሰክቶ አድሯል ማለት ነው። ይበልጥ ተናደድኩ። ስልኩን መልሼላቸው ወደ እናቴ ገባሁ።

በሁለተኛው ቀን መናገር ቻለች። እኔ አልጋዋ ጫፍ ላይ ሆኜ ወረቀቴን አውጥቼ እደምራለሁ። ሃያ ስልክ ቢሆን፣ ኢንቨርተሩ ቀኑን ሙሉ በርቶ ቢውል፣ መቁረጫው ሲጨመር፣ በየቀኑ ከሠራሁት እጥፍ በላይ ሲወጣ ነበር። ቁጥሩን ነገርኳት። አዳመጠችኝና፣

«ማሽኑ በአንድ ጊዜ ስንት ደቂቃ ነው የሚሠራው ያልሽኝ?» አለች።

«አሥራ አምስት።»

«የቀረውን ቀን ከማን ጋር ነው የምኖረው?»

ብዕሬን አስቀመጥኩ።

«እምቢ ብዬ እንዴት ልኖር ነው?» አለች። «እንጨት የሚፈልጥልኝ ማን ነው? ቡናዬን የሚለቅምልኝ? አንቺ ቅዳሜ ትመጫለሽ፣ ቅዳሜ ደህና ነኝ። ትናንት ማክሰኞ ነበር።»

እንዲያ ተመትቼ አላውቅም። ወረቀቱን እንደገና አየሁት። ማሽን አለ። አምፖል አለ። ሬዲዮ አለ። ዳመና እንኳ አለ፤ አራት ቀን ሙሉ ተቆጥሮለታል። ሰው የለም። ዕቃውን በጫንቃቸው ያመጡት ሰዎች፣ ቆጮውን አብረውኝ የበሉት ሰዎች፣ አንድ ዋት አልተያዘላቸውም። ሻጩ ክፍል ቆጠረ ብዬ የተቆጣሁት እኔ ዕቃ ብቻ ቆጥሬያለሁ። ሱቅ ያለው ሰው ማንኪራን አያውቅም ይባል፤ እኔ ግን እዚያ ነው ያደግሁት። በልጅነቴ ሬዲዮ ያለው አንድ ቤት ነበር፤ መንደሩ ሁሉ እዚያ ነበር የሚያመሸው፣ ባለቤቱ ሬዲዮውን የገዛሁት ለእኔ ብቻ ነው ሲል የሰማ የለም። ይህን እያወቅሁ ረሳሁት። ለሌላ ሰው የማልምረውን ስሕተት ነው የሠራሁት፤ ለራሴም አልማርኩትም፣ ዛሬም አልምረውም።

ሱቁ ለሦስተኛ ጊዜ ገባሁ። ሻጩ ሲያየኝ ወንበር አቀረበልኝ፤ ፈርቶኛል መሰለኝ። ትልቁን ባትሪ ለሰው እንደምተወው፣ ሁለተኛ ሰሌዳ እንደምጨምርለት ነገርኩት። ማሽኑ ደግሞ የራሱ ባትሪ፣ የራሱ ሰሌዳ፣ የራሱ ኢንቨርተር፣ ሌላ ምንም የማይሰካበት ይሁን አልኩት። ብዕሩን አነሳ። ይህን ጊዜ ስለ ክፍል አልጠየቀም። ማሽኑ መቶ ሃያ፣ አምስት ቀን ያለ ፀሐይ፣ ስድስት መቶ፤ እጥፍ፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ፤ ለአሥራ ሁለት ሲካፈል፤ አብረን ደረስንበት። መቶ አምፔር።

«መቶ ይበቃል ብዬዎት ነበር እኮ፣ እትዬ» አለኝ።

ባንኮኒውን ዘልዬ አንገቱን ባንቀው ደስ ይለኝ ነበር። መቶውን ይዤ ወጣሁ።

አናጢ ዘንድ ወፍራም የእንጨት ሳጥን አሠራሁ፤ ባትሪውንና ኢንቨርተሩን ከነመሰኪያው ውስጡ የሚያስቀምጥ፣ ማሽኑ ሲፈለግ ተከፍቶ የሚሰካበት፣ በብረት ማጠፊያ የሚዘጋ፣ ጠንካራ ቁልፍ ያለው። ከእንግዲህ ስልክም ሆነ መቁረጫ ያንን ባትሪ አያየውም፤ እንዲህ ብዬ ነው የወሰንኩት። ፒካፑ መንገዱ ካለቀበት ሲያወርደኝ ማን ይመጣልኛል ብዬ ነበር። ስምንቱም ቆመዋል። ኮሪደር ላይ ስለጮህኩት አንድም ሰው አላነሳም። «እንደምን ነሽ፣ መምህርት?» አሉኝ፤ ባትሪውን አጣና ላይ አሰሩ፣ ተነሡ። ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ብከፍት የሚወጣው ቁጣ ይሁን ለቅሶ ስላላወቅሁ ዝም ብዬ ተከተልኩ። ከመጀመሪያው ወንዝ በኋላ ተራ ስጡኝ አልኳቸው። ሳቁብኝ። ጸናሁባቸው። አቀበቱ እስኪጀምር የአጣናውን አንድ ጫፍ ተሸከምኩ። ትከሻዬ ለአንድ ሳምንት ሰማያዊ ሆኖ ቆየ።

ሁሉም ተሰቅሎ፣ ተሰክቶ፣ ማሽኑ ተሞክሮ ሲያበቃ ሳጥኑን ቆለፍኩት። ከቁልፉ ጋር ሁለት መክፈቻ ነበር። አንዱን ኪሴ ከተትኩ። ሌላውን በክር አድርጌ በእናቴ አንገት ላይ ከማዕተቧ ጋር አሰርኩት።

«በቃ» አልኳት። «ከእንግዲህ ማንም አይነካብሽም።»

መክፈቻውን በሁለት ጣቷ አንሥታ አየችው።

«ደረቴ ሲዘጋ ይሄን ማን ይከፍተዋል?» አለች።

«አንቺ ነሽ እንጂ።»

«መተንፈስ አቅቶኝ የቁልፍ ቀዳዳ እፈልጋለሁ?»

ሳጥኑን አየሁት። ወፍራም ነው፣ ብረቱ ጥሩ ነው፣ ቁልፉ ይይዛል። እናቴን ከጎረቤት ለመጠበቅ ብዬ፣ እናቴ ስትታፈን እኔ ብቻ የምከፍተው ነገር አሠርቻለሁ፤ እኔ ደግሞ ቦንጋ ነኝ፣ ቀኑም ማክሰኞ ሊሆን ይችላል። ለሁለተኛ ጊዜ፣ ያንኑ ስሕተት፣ በቁልፍ። ያን ሰዓት የተናደድኩትን ያህል በሻጩም በማንም ተናድጄ አላውቅም።

ተነሥቼ ወደ ታች ወረድኩ። እትዬ ደጃቸው ላይ ኮረሪማ ያሰጣሉ፤ ለአፍታ ጮራ ወጥታ ነበርና እሷን እየተሻሙ ነው። ሲያዩኝ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና ቆሙ። ከኪሴ መክፈቻውን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ለማን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚከፈት፣ የማሽኑ የቱ ቁልፍ መጀመሪያ እንደሚጫን ነገርኳቸው። ድምፄ ከማዘዝ አልወጣም፤ ሌላ ድምፅ ፈልጌ አጣሁ። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ፣ ራሳቸውም ደገሙልኝ፣ አልተሳሳቱም። መክፈቻውን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።

ልሄድ ስል፣ «ልጄ» ብለው ጠሩኝ።

ዞርኩ። ስልካቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«በትልቁ በኩል…» አሉና ወደ እናቴ ቤት አዩ። «በትልቁ ባትሪ በኩል ብሰካው ትፈቅጂልኛለሽ?»

እኔ ባትሪ ይዤ እስክመጣ ድረስ በእናቴ ቤት እትዬ ፈቃድ ጠይቀው አያውቁም ነበር።